መንገዱ የነደፋት መኪና

ከ1927 እስከ 1957 ባሉት ሠላሳ ዓመታት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ኢጣልያ ወርክሾፖች ለአገር መንገድ እሽቅድምድም የተሠሩት የስፖርት መኪኖች ዛሬ በሙዚየም፣ በባለጸጎች ጋራዥና በጨረታ አዳራሽ ይገኛሉ። ታሪካቸው ሲጻፍ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይመሰገናሉ፤ ገንዘቡን ያወጣው ባለቤት፣ ሞተሩን የነደፈው መሐንዲስና ዋንጫውን ያነሣው ነጂ። ምስጋናው ይገባቸዋል። ነገር ግን ከነዚህ መኪኖች አንዷን ፈታትቶ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደዚያ እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከመንገዱ ነው። ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ ብሬሺያ የሚመለሰው፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሚሌ ሚሊያ መንገድ ከማንኛውም መሐንዲስ በላይ የእነዚህን መኪኖች ክብደት፣ ቅርጽና አቅም ወስኗል ብዬ እከራከራለሁ። የመንገዱን ትእዛዝ ተቀብለው በብረት ላይ ያዋሉት ደግሞ ስማቸው በዋንጫ ላይ ያልተቀረጸ ላሜራ ቀጥቃጮች፣ በያጆችና መካኒኮች ናቸው።

ውድድሩ የተወለደው ከቁጭት ነው። የመጀመሪያው የኢጣልያ ግራን ፕሪ በ1921 የተካሄደው በብሬሺያ አቅራቢያ ነበር፤ በዓመቱ ግን ሞንዛ ላይ ለእሽቅድምድም ብቻ የተሠራ ሰርኪዩት ተመረቀና ግራን ፕሪው ወደዚያው ሄደ። የሚሌ ሚሊያ መሥራቾች አይሞ ማጂ፣ ፍራንኮ ማዞቲ፣ ሬንዞ ካስታኜቶና ጋዜጠኛው ጆቫኒ ካኔስትሪኒ ሌላ ሰርኪዩት እንሥራ አላሉም። ገበሬው በሬ የሚነዳበትን፣ ነጋዴው ጭነት የሚያመላልስበትን መንገድ እንዳለ ወሰዱት። በመጋቢት 1927 በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ማጂ ራሱ ከ7 ሊትር በላይ ሞተር ያላትን ግዙፍ ኢዞታ ፍራስኪኒ ይዞ ተሰልፎ ነበር። ያሸነፉት ግን ፈርዲናንዶ ሚኖያና ጁዜፔ ሞራንዲ ናቸው፤ መኪናቸውም እዚያው ብሬሺያ የተሠራች፣ 2 ሊትር ሞተር ያላት ኦኤም ነበረች። 21 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ አማካይ ፍጥነታቸውም በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ የወሰዱትም ኦኤሞች ናቸው። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ከመጀመሪያው ዓመት አይጠበቅም፤ መንገዱ ገና ሲጀምር ትልቁን ሞተር ወደ ጎን ትቶ መካከለኛውን፣ የማይሰበረውን መረጠ።

መንገዱ ምን ይጠይቅ እንደ ነበር በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። በፖ ወንዝ ሜዳና በአድርያቲክ ባሕር ዳር ለረጅም ጊዜ ሳያጥፍ የሚዘልቅ ቀጥ ያለ መንገድ አለ፤ እዚያ ላይ ረጅም ማርሽና አየር የሚሰነጥቅ አካል ይፈለጋል። ከፔስካራ ወደ ላኲላ ሲታጠፍ አፔኒኖ ተራሮች ይጀምራሉ፤ ከፍሎረንስ በኋላ ደግሞ የፉታና የራቲኮዛ ከፍታዎች ይመጣሉ፤ እነዚህ አጭር ማርሽ፣ ቀላል ክብደትና በቁልቁለት የማይከዳ ፍሬን ይሻሉ። በሰርኪዩት ላይ መሐንዲሱ ማርሹን ለአንድ ዙር መጥኖ ይቆርጠዋል፤ እዚህ ግን ለሜዳው የተመጠነው ተራራው ላይ ያንቃል፣ ለተራራው የተመጠነው ሜዳው ላይ ሞተር ይፈጃል። በዚህ ላይ ጠጠር፣ የባቡር ሐዲድ፣ የድልድይ ጉብታና የመንደር ድንጋይ ንጣፍ አለ። በ1954 ሐንስ ሄርማን ፖርሸ 550 እየነዳ የባቡር ማቋረጫው አግዳሚ ወርዶ አገኘው፤ ባቡሩ ሳይደርስ እርሱና ረዳቱ አንገታቸውን ደፍተው ከአግዳሚው ሥር አለፉ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ባትሆን ውድድሩም ሕይወታቸውም እዚያው ያበቃ ነበር። በ1953 ደግሞ ኹዋን ማኑኤል ፋንጂዮ የአልፋ ሮሜዮው መሪ ተበላሽቶ አንድ የፊት ጎማ ብቻ እየታዘዘለት ሁለተኛ ወጥቷል። ሁለት መቀመጫ፣ እውነተኛ የፊት መብራት፣ ፓራፋንጎና ስኮርታ ጎማ በእነዚህ መኪኖች ላይ የተገኙት ደንቡ ስላዘዘ ብቻ አይደለም። ሌሊት የሚነዳ፣ ጎማው የሚፈነዳበትና ከጎኑ የሚያግዘው ሰው የሚያስፈልገው ነጂ ያለ እነርሱ ቤቱ አይመለስም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ ክብደት ቀንስ የሚል ነው። ቀላል መኪና ፍሬኗን አታግልም፣ ባሌስትራዋን አትሰብርም፣ ጎማና ነዳጅም አታባክንም። ኡጎ ዛጋቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ ሰው ነበር፤ በ1919 ሚላኖ ውስጥ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቶ የአውሮፕላኑን የቅለት ብልሃት ወደ መኪና አካል አመጣ። ፌሊቼ ቢያንኪ አንደርሎኒ የመሠረተው የሚላኖው ቱሪንግ ደግሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሱፐርሌጄራ የተባለውን አሠራር አወጣ። በሻንሲው ላይ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ ቀፎ ይበየዳል፤ በቀፎው ላይ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ይለበጣል። የእንጨት ማገር ቀረ፤ ክብደቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ የተጋጨ ክፍልም ተቆርጦ በሌላ የሚተካ ሆነ።

ስለ አሉሚኒየም ሲነሣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። ፋሺስት ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለባት። አገዛዙም ራስን የመቻል ዘመቻ አወጀ፤ ከኢስትሪያ ባሕረ ገብ መሬት በሚወጣው ባውክሳይት የሚመረተውን አሉሚኒየምም ብሔራዊው ብረት ብሎ ከፍ ከፍ አደረገው። ብረቱ ከዚያ በፊትም በመኪና አካል ላይ ይሠራበት ስለ ነበር ወረራው ፈጠረው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም የዘመኑን የኢጣልያ ኢንዱስትሪ ወደ አሉሚኒየም የገፋው አንዱ ኃይል ይህ ፖለቲካ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። የ1936ቱ ሚሌ ሚሊያ የተካሄደው የማይጨው ጦርነት ባለቀ በሳምንቱ ውስጥ ነው፤ አሸናፊዋ አልፋ ሮሜዮም በመንግሥት እጅ የነበረና ለጦር አውሮፕላን ሞተር የሚያመርት ድርጅት ሥራ ናት። በእነዚህ መኪኖች ውበት የሚደነቅ ሰው ይህንንም አብሮ ማወቅ አለበት፤ እኔ አንዱን ለሌላው ስል አልተውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የመንገዱ ድምፅ ከሁሉ ጎልቶ ተሰማ፤ ምክንያቱም ገንዘብ አልነበረም። ድልድዮች ፈርሰው፣ ፋብሪካዎች በቦምብ ተመትተው፣ ጎማና ነዳጅ ጠፍቶ ሳለ ሰው መኪና የሚሠራው ካለው ነገር ነው። ያለው ደግሞ ፊያት 1100 ነበረች፤ ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና የፊት እግሯ በየመንደሩ ይገኛል፣ ማንም መካኒክ ያውቀዋል። የፒዬሮ ዱዚዮ ቺዚታሊያ፣ የሞዴናው ቪቶሪዮ ስታንጉዌሊኒና ሌሎች ብዙ ጥቃቅን ወርክሾፖች የተነሡት ከዚህች መኪና አጥንት ነው። የፌራሪ ታሪክም ከዚያው ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኤንዞ ፌራሪ በራሱ ድርጅት መጀመሪያ የሠራት የ1940ዋ 815 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯ የሁለት ፊያት ቴስታታ ተቀጣጥሎበት ነበር። ውድድሩ በ1947 ሲመለስ አንጋፋው ታዚዮ ኑቮላሪ 1,100 ሲሲ ብቻ ባላት ቺዚታሊያ ለረጅም ጊዜ ሲመራ ቆይቶ በዝናብ ምክንያት ሁለተኛ ወጣ። ያሸነፈችው ከጦርነቱ በፊት የተሠራችው ባለ 2.9 ሊትር አልፋ ሮሜዮ ናት። በደረቅ ሰርኪዩት ላይ ሁለቱን ማወዳደር እንኳ ቀልድ ይሆን ነበር፤ ብሬሺያና ሮማ መካከል ግን ትንሿ መኪና ከትልቋ ጋር እኩል ተናነቀች።

እነዚህን መኪኖች መሥራት ምን ዓይነት ሥራ እንደ ነበር እስኪ እንመልከት። ሻንሲው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሚላኖው ጂልኮ ነው፤ ሞላላ ወይም ክብ የብረት ቱቦ ተቆርጦ ይበየዳል። ሞተር፣ ካምቢዮና የኋላ አክስል ይገጠሙበታል። ከዚያ በኋላ ጎማ ያለውና አካል የሌለው ነገር ወደ ላሜራ ቤት ይገፋል። ቀጥቃጮቹ ከብረት ዘንግ የመኪናዋን መልክ የሚያሳይ ቀፎ ያጥፉና በዓይናቸው ያስተካክሉታል። ላሜራው በአሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢትና በተቦረቦረ የእንጨት ግንድ ላይ በእንጨት መዶሻ ይመታል። አሉሚኒየም ሲቀጠቀጥ ይደድራል፤ ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል። ለማለስለስ በእሳት ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ችግሩ ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ትንሽ ሙቀት ከበዛበት ቀልጦ ይፈሳል። ስለዚህ ሠራተኛው ላሜራውን በሳሙና ያሸዋል፤ ሳሙናው ሲጠቁር ሙቀቱ በቅቷል ማለት ነው። ይህ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገር እንጂ ከንድፍ ወረቀት የሚነበብ አይደለም። ሰርጂዮ ስካሊየቲ አባቱ ሲሞት በ13 ዓመቱ ይህን ሥራ የጀመረ የሞዴና ልጅ ነው፤ በ1951 የራሱን ወርክሾፕ አቁሞ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዝነኛ የፌራሪ አካላት ሲሠራ ከሥዕል ይልቅ በዓይኑና በመዶሻው ይተማመን ነበር። የሜዳርዶ ፋንቱዚ ወርክሾፕ ደግሞ ለማዜራቲ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ከውድድር የተመለሰች መኪና የምትገባው ወደ እነዚህ ሰዎች ቤት ነው፤ የታጠፈውን ፓራፋንጎ፣ የተሰነጠቀውን ማሰሪያ፣ በሙቀት የገረጣውን ቀለም የሚያዩት እነርሱ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት መኪና ላይ አየር ማስገቢያው ሰፍቶ፣ ማሰሪያው ወፍሮ፣ የነዳጅ ታንኩ ተለውጦ ሲገኝ ያ ሁሉ ከመንገዱ የመጣ መልእክት ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲሶቹን አሳንሰሃል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ክብደት አለው። ጆኣኪኖ ኮሎምቦ ለፌራሪ የነደፈው ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የአንድ ሰው ድንቅ አሳብ ነው፤ ከ1.5 ሊትር ተነሥቶ እያደገ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። ነገር ግን ያው ሞተር፣ የአየር መጭመቂያ ተጨምሮለት፣ በ1948 በግራን ፕሪ መኪና ላይም ገብቷል። አንዱ የሞተር ቤተሰብ ሁለት የማይመሳሰሉ መኪኖችን አስገኘ፤ አንዷ ባለ አንድ መቀመጫ፣ ጎማዎቿ የተራቆቱ፣ መብራት የሌላት የሰርኪዩት መኪና፤ ሌላዋ 650 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ 140 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ቱሪንግ አካሏን የሠራላት 166 ኤምኤም። ሞተሩ ልዩነቱን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው እያንዳንዷ የተሠራችበት መንገድ ነው። 166 ኤምኤም በ1949 ሚሌ ሚሊያንም የለማንን የ24 ሰዓት ውድድርም አሸንፋለች። ሞተሩ ራሱ ቢሆን በመጀመሪያ መውጫው፣ በግንቦት 1947 ፒያቼንሳ ላይ፣ በነዳጅ ፓምፕ ብልሽት ከውድድር ወጥቶ ነበር። የታላቁን መሐንዲስ ሥራ ያስቆመው ትንሽ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተካክለው ደግሞ መካኒክ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የ1955ቱ ውጤት ነው። ስተርሊንግ ሞስና ዴኒስ ጀንኪንሰን 722 ቁጥር በለጠፈችው መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር መንገዱን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰኮንድ ጨርሰው በሰዓት 157.65 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት አስመዘገቡ፤ ይህ እስከ መጨረሻው ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። መኪናዋ የሞዴና ቀጥቃጭ ሥራ አይደለችም፤ ነዳጅ በቀጥታ የሚረጭላት፣ ቫልቮቿ ያለ ሞላ የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ የማግኒዚየም ቅይጥ የለበሰች፣ ከግራን ፕሪ መኪና የተወለደች የፋብሪካ ሳይንስ ናት። ታዲያ መንገዱ የት አለ? መንገዱ ያለው በጀንኪንሰን እጅ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው መንገዱን ደጋግመው ነድተውት እያንዳንዱን አደገኛ ኩርባ፣ ጉብታና ማቋረጫ መዝግበው ነበር፤ ማስታወሻው ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ በጥቅልል ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ጀንኪንሰንም እያነበበ በእጅ ምልክት ለሞስ ይነግረው ነበር። መርሴዲስ ያሸነፈው መንገዱን በማጥናት እንጂ በመናቅ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ተቃውሞው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ወርክሾፖቹ በብዙ ዓመት ድካም ያገኙትን ዕውቀት ሀብታም ፋብሪካ በጥቂት ወራት ዝግጅት ሊደርስበት እንደሚችል ያ ቀን አሳይቷል። የዲስክ ፍሬንም ከአውሮፕላን ቴክኖሎጂ የመጣ ነው፤ ጃጓር በ1952 ሚሌ ሚሊያ ላይ ሲያሰልፈው መንገዱ ፈተነው እንጂ አልፈለሰፈውም። ስለዚህ መንገዱ ነደፈ ስል ሁሉን ፈጠረ ማለቴ አይደለም፤ ከቀረበለት ውስጥ የሚበጀውን ለየ፣ የማይበጀውን ጣለ ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሞት ነው፤ ለእርሱ በምክንያት ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም። በ1938 ቦሎኛ ውስጥ አንዲት መኪና ከመንገድ ወጥታ አሥር ተመልካቾችን ገደለች፤ ሰባቱ ሕፃናት ነበሩ። በግንቦት 12 ቀን 1957 ጉዊዲዞሎ በተባለች መንደር አቅራቢያ የአልፎንሶ ደ ፖርታጎ ፌራሪ ጎማዋ ፈንድቶ እርሱን፣ ረዳቱን ኤድመንድ ኔልሰንንና ዘጠኝ ተመልካቾችን ይዛ ጠፋች፤ ከዘጠኙ አምስቱ ልጆች ነበሩ። ኤንዞ ፌራሪ ተከስሶ በ1961 ነፃ ወጣ፤ የፍጥነቱ ውድድር ግን በዚያው በ1957 ተከለከለ። ክልከላው ትክክል ነበር። በ1927 በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር ይነዱ የነበሩ መኪኖች በ1955 አማካያቸው በእጥፍ አልፏል፤ በመንገዱ ዳር የሚቆመው ሕዝብ ግን ያው ያለ አጥር የቆመ የመንደር ሰው ነው። ለታሪክ ጸሐፊው ከክልከላው የሚገኝ ማስረጃ ግን አለ። መንገዱ ሲዘጋ ያ ዓይነት መኪናም አብሮ ከሰመ። የመወዳደሪያዋ መኪና ወደ ሰርኪዩት ሄዳ ዓመት በዓመት ከጎዳና መኪና ራቀች፤ የጎዳናዋም በበኩሏ ከበደች፣ ተመቻቸች። ታርጋ ፍሎሪዮ የተባለው ውድድር እኮ በሲሲሊ ተራሮች የዓለም ሻምፒዮና ዙር ሆኖ እስከ 1973 ቀጥሏል ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ያም ለክርክሬ ይመሰክራል። የማዶኒዬ ተራሮች 72 ኪሎ ሜትር ዙር ስለሚለይ ፖርሸ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠመዝማዛ መንገድ ብላ በጣም ቀላልና አጭር የሆነችውን 908/03ን ሠራች፤ በ1970 አሸነፈችበትም። ለሌሎቹ ፈጣን ሰርኪዩቶች ግን በዚያው ዘመን 917 የምትባለውን ፍጹም የተለየች መኪና ታሰልፍ ነበር።

ይህ ክርክር የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ዛሬ እነዚህን መኪኖች እንደ ገና የሚገነቡ ሰዎች የሚያደርጉትን ማየት ይበቃል። ከ1977 ወዲህ በሚሌ ሚሊያ ስም የሚደረገው የታሪካዊ መኪኖች ጉዞ የሚቀበለው በ1927 እና በ1957 መካከል የተሳተፉ ዓይነቶችን ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ሻንሲ ፈልጎ፣ የጠፋውን አካል አስቀጥቅጦ፣ ሞተሩን አድሶ ማሠራት ትልቅ ሥራ ሆኗል። ብዙዎቹ ሥራዎች በጥራታቸው ያስደንቃሉ፤ ሆኖም የሚያሳዝነኝ አንድ ልማድ አለ። ወፍራም ቱቦ ይጨመርበታል፣ ባሌስትራው ይጠነክራል፣ ወለሉ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ በኮምፒዩተር ተለክቶ ፍጹም እኩል ይሆናል። የሞዴና መኪኖች ግራና ቀኛቸው እኩል አልነበረም፤ አንዱን ጎን አንድ ሰው፣ ሌላውን ሌላ ሰው ቀጥቅጦት ይሆናልና። ይህ ልዩነት ለአየሩም ለነጂውም የሚያመጣው ለውጥ ስለሌለ ማንም አልተጨነቀበትም ነበር። የጠነከረው ባሌስትራ ግን ለውጥ ያመጣል፤ ለተስተካከለ አስፋልት የተበጀች መኪና ትሆንና ታሪኳን የሠራላት ጉብታ ላይ ከመሬት ትነሣለች።

የደኅንነት ቀበቶ፣ የማይቀደድ የነዳጅ ታንክና አዲስ የፍሬን ሽፋን ይግቡ ለሚሉት አልከራከርም፤ ጉዊዲዞሎን ያወቀ ሰው አይከራከርም። ከዚያ ባለፈ ግን ገንቢው ሥራውን ከንድፍ ወረቀት፣ ይልቁንም ከጨረታ ካታሎግ ፎቶግራፍ ባይጀምር እመርጣለሁ። ፉታና ራቲኮዛ ዛሬም ለትራፊክ ክፍት ናቸው። በሕጋዊው ፍጥነት አንዴ ወጥቶ መውረድ ባሌስትራው መጨረሻው ላይ የሚነካበትን ቦታ፣ ፍሬኑ የሚግልበትን ቁልቁለት፣ ማርሹ ረዝሞ ሞተሩ የሚያንቀው በየትኛው ኩርባ እንደ ሆነ ያሳያል፤ መኪናዋ ወደ ወርክሾፕ ስትመለስ የሚፈታው ብሎንም ከዚያ ይታወቃል።